ምኒልክን በቀላል ደረጃ መጫወት ነውር ነው

የካቲት 23 ጠዋት አንድ የሰፈራችን ልጅ ስክሪንሹት ላከልኝ። ጨዋታው ሲቪላይዜሽን 6 ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሮምን በታንክ ከበዋታል። ትራጃን አንዲት ከተማ ብቻ ቀርታዋለች፤ እሷም እየነደደች ነው። ልጁ ከሥር «ብሮ፣ አድዋን ደገምኩት!» ብሎ ጽፏል።

«በየትኛው ደረጃ?» አልኩት።

ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ቃል መለሰ። «ሴትለር።»

ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ። ሲቪላይዜሽን በተራ በተራ የሚጫወቱት የስትራቴጂ ጨዋታ ነው። አንድ ሕዝብ ትመርጣለህ፣ ከተማ ትቆረቁራለህ፣ ከድንጋይ ዘመን እስከ ጠፈር መንኮራኩር ትመራዋለህ። ስምንት የክብደት ደረጃዎች አሉት፤ ከታች ወደ ላይ ሴትለር፣ ቺፍተን፣ ዋርሎርድ፣ ፕሪንስ፣ ኪንግ፣ ኢምፐረር፣ ኢሞርታል፣ ዴይቲ። ፕሪንስ ላይ አንተና ኮምፒውተሩ እኩል ናችሁ። ከዚያ በታች ሚዛኑ ወዳንተ ያደላል። ከዚያ በላይ ወደ ኮምፒውተሩ። የመጨረሻው ዴይቲ ነው፤ «አምላክ» እንደማለት። የመጀመሪያው ሴትለር ነው፤ ትርጉሙ «ሰፋሪ»። በእኛ አገር ፖለቲካ ይህ ቃል ስድብ መሆኑን ለጊዜው እንለፈው።

ልጁን አልተቆጣሁትም። ሥራ ውሎ ደክሞት፣ መብራት እስኪጠፋ ያለችውን አንድ ሁለት ሰዓት በቀላል ደረጃ ቢያሳልፍ ማን ምን አገባው? የምጣላው ከስክሪንሹቱ ሥር ከተጻፈችው ቃል ጋር ነው። ሴትለር ላይ ሮምን መደምሰስ አድዋ አይባልም። እንዲያውም የአድዋ ተቃራኒ ነው። ጉዳዩ የአንድ ልጅ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮም ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ከአምስተኛው ሲቪላይዜሽን ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ማስፋፊያ ኢትዮጵያ በአጤ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ገባች። የተሰጣት ልዩ ችሎታ ስሙ «የአድዋ መንፈስ» ነበር። ሠራዊትህ ሲዋጋ 20 በመቶ ተጨማሪ ጉልበት ያገኛል። ይህን ሁሉም ያወራል። ቀጥሎ ያለውን ሐረግ ግን የሚያነብ የለም። ጉልበቱ የሚሰጥህ ካንተ የበለጠ ብዙ ከተማ ካለው ባላጋራ ጋር ስትዋጋ ብቻ ነው።

እስቲ አስቡት። ከተማ በከተማ እየያዝክ ትልቅ ስትሆን የአድዋ መንፈስ ይጠፋል። ከጎረቤትህ ከበለጥክበት ደቂቃ ጀምሮ እንደማንኛውም ሠራዊት ነህ። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ታሪካችንን ምን ያህል እንደሚያውቁ መመስከር አልችልም፤ ይህችን አንዲት ነገር ግን ከብዙዎቻችን በተሻለ ገብቷቸዋል። አድዋ ያነሰ ሰው የበለጠውን የመከተበት ቀን ነው። የበለጠው ያነሰውን ሲጨፈልቅ ሌላ ስም አለው፤ ስሙንም እናውቀዋለን፤ ሲደረግብን የኖረ ነው።

ወደ ስድስተኛው እንምጣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 አጤ ምኒልክ ገቡ። በዚያን ጊዜ ከአገራችን ተጫዋቾች የሰማሁትን ቅሬታ አልረሳውም። «የአድዋን መንፈስ ወስደው ጸሎት ሰጡን»፣ «ጀግና ነበርን፣ ቄስ አደረጉን» ይሉ ነበር። እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ ጉልበት እዚህ የእምነት ነጥብ ላይ ቆሟል። ያለማኸው ሀብት ሁሉ፣ ቡናው ሳይቀር፣ እምነት ያመነጫል። ወደ ውጭ የሚሄድ የንግድ መስመርህም እንዲሁ። ኮረብታ ላይ ከዓለት የሚፈለፈል ቤተ ክርስቲያን ትሠራለህ፤ ዙሪያውን ያለው ተራራና ኮረብታ በበዛ ቁጥር ፍሬው ይበዛል።

ቅሬታ አቅራቢዎቹ የምኒልክን የራሳቸውን ችሎታ ግን ሳያነቡ አልፈውታል። ስሙ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» ነው። ኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያመነጨው እምነት 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ያንኑ ያህል ባህል ይሰጥሃል። ወታደርህ ደግሞ ኮረብታ ላይ ሲዋጋ 4 ነጥብ ይጨመርለታል። ከምኒልክ ሥራዎች ሁሉ ለችሎታው መጠሪያ የመረጡት ጦርነት አይደለም፤ በ1900 ዓ.ም. የተቋቋመውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤት ማለት ነው። በዚህ የተናደደ ሰው አለ። እኔ ግን ስለ ምኒልክ ከብዙ የየካቲት 23 ንግግር የተሻለ አስተያየት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ይህ የሚገባህ ግን ዴይቲ ላይ ብቻ ነው። ሴትለር ላይ 15 በመቶ ሳይንስ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ዱላ ይዘህም ታሸንፋለህ።

ዴይቲ ላይ ምን እንደሚጠብቅህ በቁጥር ልንገራችሁ። አንተ የምትጀምረው በአንድ ሰፋሪና በአንድ ተዋጊ ነው። ኮምፒውተሩ በሦስት ሰፋሪ፣ በአምስት ተዋጊና በሁለት ግንበኛ ይጀምራል። ምርቱና ወርቁ ላይ 80 በመቶ፣ ሳይንሱ፣ ባህሉና እምነቱ ላይ 32 በመቶ ይጨመርለታል። እያንዳንዱ ወታደሩ ካንተው ወታደር በ4 ነጥብ ይበልጣል። አንተ ሁለተኛ ከተማህን ሳታስብ እሱ አራተኛውን ቆርቁሯል።

እኔ መጀመሪያ ላይ ሰባት ጊዜ ተከታታይ ተሸንፌያለሁ። አንደኛውን አልረሳውም። ጎረቤቴ የሱመሩ ጊልጋሜሽ ነበር። በ22ኛው ተራ የጦር ሠረገሎቹ ድንበሬ ላይ ታዩ። እኔ ያኔ ድንቅ ሕንፃ እየሠራሁ ነበር፤ ጀግና ነኛ! ሦስት ተራ ቆየሁ። «ኢትዮጵያ ወደቀች» የሚለውን ጽሑፍ እያየሁ፣ እጄ ያለ ፈቃዴ ወደ «ሎድ» ሄደ።

ስምንተኛው ላይ ፉከራውን ተውኩት። መጀመሪያ የማገኘው መሪ ላይ በዚያው ተራ 25 ወርቅ ከፍዬ ልዑክ መላክ ጀመርኩ፤ አንድ ተራ ከዘገየህ ፊቱን አዙሮብህ ልዑክህን ሊመልሰው ይችላል። ሁለት ወንጭፈኛ አወጣሁ፤ በወንጭፍ አንድ ጠላት ከገደልክ የቀስት ዕውቀት ግማሽ መንገድ ያህል ይቀርብልሃል። ከተማዎቼን ኮረብታ ላይ ብቻ ቆረቆርኩ። ኮረብታ ላይ ሆኖ ለሚከላከል ማንኛውም ወታደር ጨዋታው 3 ነጥብ ይሰጣል፤ በእሱ ላይ የምኒልክን 4 ስትደምርበት 7 ይሆናል። የዴይቲው ብልጫ 4 ነበር። ልዩነቱን ያመጣው መሬቱ ነው። ሜዳ ላይ ወርጄ ብገጥመው ግን ያው ተሸናፊ ነኝ።

ከሁሉም በላይ መሸጥ ተማርኩ። ያ 80 በመቶ ተጨማሪ ወርቅ የት ይሄዳል? ኮምፒውተሩ ካዝና ውስጥ ተከምሮ ይቀመጣል። ትርፍ ቡናህን ትሸጥለታለህ፣ ድንበር የማለፍ ፈቃድ ትሸጥለታለህ፣ በወርቁ ቀስተኛ ትገዛለህ። ነገ ሊወጋህ የሚመጣው ሰው ዛሬ የቀስተኛህን ዋጋ ይከፍላል። ማጭበርበሩን ለእኔ ገቢ አደረግኩት።

አሁን የጨዋታውን ትተን የእውነተኛውን አድዋ ታሪክ አንዴ እንመልከት፤ በዚህ ዓይን።

ምኒልክ ሲጀምሩ ምን ነበራቸው? ክፉ ቀን። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የከብት ዕልቂትና ረኃብ አገሩን ጨርሶት ነበር። የሚያርስ በሬ ጠፍቷል። ወዲያ ማዶ ፋብሪካ፣ መርከብና የባንክ ብድር ያላት አገር ናት። ይህ ከዴይቲ በምን ያንሳል? ታዲያ ንጉሡ ምን አደረጉ? ገዙ። ጠመንጃ ከፈረንሳይ ነጋዴ ገዙ፤ ከራሷ ከጣሊያንም ወሰዱ። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የጣሊያንኛው ትርጉም ሌላ መሆኑ ታውቆ ክርክሩ ዓመታት ሲፈጅ፣ እሳቸው በጎን ጥይት እያከማቹ ነበር። ውሉን በይፋ ያፈረሱት እ.ኤ.አ. በ1893 ነው፤ አድዋ የተደረገው በ1896። ሦስት ዓመት! በሴትለር ጭንቅላት ቢያስቡ ኖሮ በማግስቱ ይዘምቱ ነበር።

መቀሌ ላይ እቴጌ ጣይቱ ምሽጉን በነፍስ ብዛት ከመድፈር ይልቅ የውሃ ምንጩን አስያዙ። ውሃ የጠማው ጦር እጁን ሰጠ፤ ምኒልክም ትጥቁን እንደያዘ ሸኙት። ፎካሪ ሰው ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። ለምን ሸኙት? ለምን አልፈጁትም? ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ድርድሩም አንዱ መሣሪያቸው ነበር። አድዋ ላይ ደግሞ ስንቅ እያለቀባቸው ጠበቁ። ባራቲየሪ ምሽጉን ትቶ በሌሊት ወጣ፤ ብርጌዶቹ በማያውቁት ተራራና ሸለቆ ውስጥ ተነጣጠሉ፤ ተራ በተራ ተመቱ። ኮረብታ! ያ የ4 ነጥብ ጭማሪ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ይህን ሁሉ ሥራ «ጀግንነት» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለን ስናስቀምጠው፣ ጀግንነት የጎደለን አስመስለን ልጆቻችንን ፉከራ እናስተምራለን። ጀግንነት ከማይጨውም አልጠፋም ነበር። ማይጨው ላይ የጎደለው ሌላ ነው።

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ።

አንዱ «ዴይቲ ማጭበርበር ነው፤ ኮምፒውተሩ ብልህ ሆኖ አይደለም፣ ተደግፎ ነው» ይላል። ልክ ነህ ወንድሜ። ብልህ አይደለም፤ ተደግፎ ነው። ሜዳው ዘንበል ያለ መሆኑ በግልጽ ተጽፎልሃል። ታዲያ ዘንበል ማለቱ ጨዋታውን መተው አለብህ ማለት ነው? ዓለም ለእኛ መቼ ፕሪንስ ላይ ሆና ታውቃለች? ዕዳው፣ የወደብ እጦቱ፣ የቡናችን ዋጋ ሌላ አገር መወሰኑ ሁሉ 80 በመቶ ነው። በእነዚህ ላይ ማማረር መብታችን ነው፤ እኔም ጋዜጠኛ ነኝ፣ እንጀራዬ ማማረር ነው። ነገር ግን ማማረር አንድም ግንብ አይሠራም። ሜዳው ዘንበል ማለቱን ያመነ ሰው ብቻ ነው ኮረብታ የሚፈልገው።

ሌላው «ጨዋታ ነው፣ ምን አካበድከው» ይላል። ጨዋታ ከሆነ አድዋ አትበለው፤ በዚሁ ተስማምተን እንለያይ። ደግሞ ከቀላል ደረጃ የባሰ በሽታ አለ፤ ሎድ ማድረግ። ዴይቲ እጫወታለሁ ብለው የሚኮሩ ብዙ ሰዎች ከተማ በተነጠቁ ቁጥር አሥር ተራ ወደኋላ ይመለሳሉ። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ከላይ ተናዝዣለሁ። መብራት ሄዶብህ የመጨረሻውን ሴቭ ብትከፍት ማንም አይወቅስህም። ስህተትህን ሰርዘህ «አልተሸነፍኩም» ስትል ግን የምታታልለው ራስህን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሽንፈቱን ይዘህ ከቀጠልክ ግን ትማራለህ። ሁለተኛ ከተማዬን ተነጥቄ፣ ሠላሳ ተራ አልቅሼ፣ አስመልሼ ያሸነፍኩት ጨዋታ ከሁሉም የበለጠ ትዝ ይለኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ላልፈውም አልፈልግም። «ምኒልክ ለአንተ አድዋ ናቸው፤ ለእኔ አያት ግን ጨለንቆ ናቸው» የሚል ሰው አለ። ጨዋታው ይህን ሰው ዝም ያሰኘዋል። ሲቪላይዜሽን ውስጥ መሬት ባዶ ነው። ሰፋሪህን ትልካለህ፣ ከተማ ትቆረቁራለህ፣ ድንበርህ ይሰፋል። በመሬቱ ላይ የተገኘ ሰው ወይ «አረመኔ» ይባልና ትገድለዋለህ፣ ወይ ትንሽ መንደር ይሆንና ወርቅ ሰጥቶህ ይጠፋል። በእኛ ታሪክ ባዶ መሬት አልነበረም። ወላይታ ንጉሥ ነበረው፣ ከፋም ንጉሥ ነበረው፣ ጅማም። ጨዋታው ለምኒልክ የኦሮሞ ፈረሰኛን ልዩ ጦር አድርጎ ሲሰጣቸው አንድ እውነት ነግሮናል፤ ያ ፈረሰኛ አድዋ ላይ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረሰ፣ ከማን ጋር ተዋግቶ፣ ማን አስገብሮት ወይም ማን ተዋዶት እንደመጣ ግን አልነገረንም። ስለዚህ ከዚህ ጨዋታ ተነስቶ ምኒልክን ቅዱስ ማድረግም፣ ሰይጣን ማድረግም አይቻልም። ማስረጃ የሚፈልግ መጽሐፍ ያንብብ።

አንድ ነገር ግን ከደረጃዎቹ ተምሬያለሁ። ሴትለር ላይ ጎረቤት ምግብ ነው። ካርታው ላይ ስታየው የምታስበው በስንት ተራ እንደምትውጠው ብቻ ነው። ስሙን አታስታውስም፣ የሚፈልገውን አትጠይቅም፣ ልዑክ አትልክለትም፤ ለምን ብለህ? ዴይቲ ላይ ጎረቤት ጎረቤት ነው። ምን ይወዳል፣ ምን ያስቆጣዋል፣ ከማን ጋር ተጣልቷል ብለህ ታጠናለህ። ኮረብታ የሚወደውን ኮረብታ ትተውለታለህ። በነገራችን ላይ ሌላ ሕዝብ መርጣችሁ ስትጫወቱ፣ ኮምፒውተሩ የሚመራቸው ምኒልክ ጠባያቸው ይኸው ነው፤ ኮረብታውን የተወላቸውን ይወዳሉ፣ የወሰደባቸውን ይጠላሉ። ሰላም የምትፈልገው ደግ ስለሆንክ አይደለም፤ ጦርነት ምን እንደሚያስከፍል ስለቆጠርክ ነው።

አሁን የምጽፍበትን ምክንያት ልናገር።

ይህች አገር ውስጥ ሁሉም ሰው በጭንቅላቱ ሴትለር ላይ ነው የሚጫወተው። የምኒልክ ጨዋታ በወጣ አራት ወር ሳይሞላ፣ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። ያኔ በየቡና ቤቱ የሰማሁትን አስታውሳለሁ። «በሳምንት ያልቃል» ይባል ነበር። በሁሉም በኩል ያለው ሰው ስለ ሌላው የሚያወራው ሮምን በታንክ እንደከበበው ልጅ ነበር። ሌላው ወገን ተራውን የማይጫወት፣ የማያስብ፣ የማይዘጋጅ፣ ተቀምጦ የሚጠብቅ ይመስላቸው ነበር። ፕሪቶሪያ ላይ እስኪፈረም ሁለት ዓመት ፈጀ። ስንት እናት ልጇን እንደቀበረች ቆጥሮ የጨረሰ የለም። እዚያ ሎድ የሚባል ቁልፍ አልነበረም።

ዛሬም እንዲሁ ነን። ስለ ወደብ ሲወራ፣ ስለ ድንበር ሲወራ፣ ስለ አንዱ ክልልና ስለ ሌላው ሲወራ፣ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የማየው ሴትለር ነው። «ይህን ያህል ሰዓት ይበቃናል» የሚለው ሁሉ፣ ባላጋራው በስንት ተዋጊ እንደሚጀምር አልጠየቀም። ከኋላው ማን እንዳለ አልጠየቀም። ስንቅ ለስንት ወር እንደሚበቃ አልጠየቀም። ምኒልክን በፕሮፋይል ፎቶው ላይ ለጥፏቸዋል፤ ከምኒልክ ግን አንዲት ነገር አልወሰደም። ምኒልክ ጠላታቸውን አልናቁም። ንቀውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምናከብረው ቀን አይኖርም ነበር።

ጨዋታ ሰውን ጦረኛ ያደርጋል የሚል ክስ የለኝም። በቀላል ደረጃ ብቻ የሚጫወት ሰው፣ ያውም የታሪኩን ታላቅ ስም ለብሶ፣ የተሳሳተ ትምህርት ለራሱ እየሰጠ ነው ነው የምለው። ድል ቀላል እንደሆነ፣ ሌላው እንደማያስብ፣ ወደኋላ መመለስ እንደሚቻል ይማራል። ሦስቱም ውሸት ናቸው።

ለመጨረሻ ያቺን ስምንተኛ ጨዋታዬን ልጨርስላችሁ። ጊልጋሜሽ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኮረብታው ላይ ቀረ። በሦስተኛው ወዳጅነት ፈረምን። በእምነት ነጥቤ የአርኪዮሎጂ ሙዚየምና አርኪዮሎጂስት ገዛሁ፤ ይህ ለኢትዮጵያ የተሰጠ መብት ነው። ከዓለት የተፈለፈሉት ቤተ ክርስቲያኖቼ የበረራ ዘመን ሲመጣ ቱሪስት መሳብ ጀመሩ። በ271ኛው ተራ በባህል አሸነፍኩ። ሮምም በካርታው ላይ ነበረች፤ በወርቅም በሠራዊትም ትበልጠኝ ነበር። አንዲት ከተማዋን አልነካሁም። ሰዎቿ ሻንጣቸውን ይዘው ኮረብታዬን ሊያዩ መጡ።

ለሰፈሬ ልጅ ይህንኑ ነገርኩት። «ታንኩ ግን ይሻላል፣ ብሮ» አለኝ። ሳቅን። ማታ ዴይቲ እንደጀመረ ጻፈልኝ፤ ሃያ ደቂቃ ሳይቆይ ደግሞ «ሞትኩ» አለ። «ሎድ እንዳታደርግ» አልኩት።

ለሚቀጥለው የካቲት 23 ስክሪንሹት የምትልኩልኝ ሁሉ፣ በደስታ አያለሁ። ደረጃውን ግን አብራችሁ ላኩ።